የቅዳሜ ይለፍ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እትዬ እናኑ፣ ለመሆኑ እዚያ ዩኒየን ውስጥ ምን ነበር የሚሠሩት?» ሒሳብ ሠራተኛ አልነበርኩም፤ ጸሐፊም አልነበርኩም፤ ኮምፒውተር ሲበላሽ ፈትቶ የሚገጥመውም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «በረኛ ነበርኩ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልዴን አይደለም።

ዩኒየናችን በየቀበሌው ላሉ የገበሬ ማኅበራት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል። የየመጋዘኑ ኃላፊ ለየትኛው ገበሬ ምን እንደ ሰጠ የሚመዘግበው በታብሌት ሲሆን፣ መረጃው የሚሰበሰበው ቢሯችን ውስጥ ባለው ዌብ ሰርቨር ላይ ነው። ሰው የሚያየው ሰርቨሩን ብቻ ነው። ከጀርባው ግን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ማሽን ላይ፣ የተከራየነው የማንነት ማረጋገጫ አገልግሎት አለ። ሰርቨሩ ማንንም ከማስገባቱ በፊት ወደ ኋላ ዞሮ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። «አውቀዋለሁ» ካለው ሰውየው ይለፍ ያገኛል፤ ካላለው በሩ አይከፈትም። ያንን የኋላኛውን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ሥራው ሲሄድ ማንም አያስታውስሽም፤ ሲቆም ግን አገር ይጮህብሻል። እንደዚያም ሆኖ ወድጄው ነበር። አሁንም ጠዋት ስነሣ እጄ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሰውን የማወቅ ሥራ የጀመርኩት ግን ከኮምፒውተር በፊት፣ ደምበጫ ስልክ ቤት ነው። ያኔ ከከተማ ወደ ከተማ የሚደወለው በኦፕሬተር በኩል ነበር። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ገመዱን ከዚህ ነቅዬ እዚያ እየሰካሁ ሰውን ከሰው አገናኛለሁ። አለቃችን ቀጭን፣ ቁጡ፣ ደንብ አጥባቂ ሰው ነበሩ። «ስሙን ሳይናገር ማንንም እንዳታገናኙ!» ይሉናል። ደምበጫ ላይ ግን ስሙን የሚናገር ሰው ከየት ይመጣል? «እኔ ነኝ» ይላል። «እርስዎ ማን?» ስለው ይቀየማል። ድምፁን እያወቅሁ መጠየቄ ንቀት ይመስለዋል።

አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ በሳምንት ብዙ ጊዜ ይደውሉ ነበር። አንድ ቀን እሳቸው ነኝ የሚል ሰው ደውሎ፣ ቡሬ ካለው መጋዘናቸው እህል እንዲጫን ሊያዝዝ አገናኚኝ አለኝ። ድምፁ ቁርጥ እሳቸውን ነው። እጄ ገመዱ ላይ ነበር፤ ግን አልሰካሁትም። «መስመር ተይዟል» አልኩና ሱቃቸው ሰው ላክሁ። ነጋዴው ሱቃቸው ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ኖሯል። አለቃችን በምን እንዳወቅሁ ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ነጋዴው ደውለው የእናቴን ጤንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው ገብተው አያውቁም። ያ ሰው አልጠየቀም። አለቃዬ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ደንቡ ብዙም አልጮሁብኝም።

ስልኩ ራሱን ችሎ መደወል ሲጀምር ኦፕሬተር የሚፈልግ ጠፋ። ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ ጽሕፈት ሠራሁ፤ ቀጥሎ ኮምፒውተር ተማርኩና መረጃ መዝጋቢ ሆንኩ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። ደመወዙ ያው እንደ መንግሥት ሥራ ነበር፤ እሱን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም። ከዚያ ዩኒየኑ የኮምፒውተር ክፍል ሲያቋቁም ተወዳድሬ ገባሁ፤ ጋሽ ቢተውን ያገኘሁትም እዚያ ነው።

ጋሽ ቢተው የቡሬ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ዓይነት ሰው። በዕድሜ ብዙም አይበልጡኝም፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ብያቸው አንቱ እንዳልኩ ቀረሁ። ስለ ሰርቨር የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አስተምረው አይጨርሱም ነበር፤ ደግሞ አይቸኩሉም። ትእዛዝ ሲጽፉ ከመጫናቸው በፊት ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ ከዚያ እኔ እደግመዋለሁ። ስደግመው ከተሳሳትኩ አይጫኑትም። «አንች ካልገባሽ ለማሽኑም አልነገርሁትም ማለት ነው» ይሉኛል። የበሩን አሠራር ሲቀይሩ ሁልጊዜ በሌላ ኮምፒውተር አስቀድመው ገብተው ይቀመጣሉ፤ አዲሱ ቢዘጋባቸው ከውስጥ የሚከፍት ሰው እንዲኖር ነው። ሰርተፊኬት የሚባለውን፣ ጊዜው ሲያልፍ ድረ ገጹን የሚዘጋውን ነገር፣ ማሽኑ በራሱ እንዲያድስ ካደረጉት በኋላም ሄደው በዓይናቸው ያዩታል። «ተጠቃሚ» የምንለውን ሰው እሳቸው በስሙ እንጂ በሌላ አይጠሩትም። «ተጠቃሚው ተዘግቶበታል» ካልኳቸው ዝም ይላሉ። «የሺ ተዘግቶባታል» ስል ነው የሚነሡት።

አንድ ጊዜ ከደምበጫ ወዲህ ያለ አንድ የመጋዘን ኃላፊ በሩ አልከፈትለት አለ። ምንይችል ይባላል። ሰርቨሩን አገላብጬ አየሁት፤ ደህና ነው። ክላውዱን አየሁት፤ ደህና ነው። ይለፉ ተሰጥቶታል፤ ታብሌቱ ግን አልቀበልም ይላል። እኔ ተናድጄ ታብሌቱን ልለውጥለት ስል ጋሽ ቢተው ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ምንይችል፣ መጀመሪያ ምን አየህ?» አሉት።

«ኧረ ምንም አላየሁ ጋሼ። ሰዓቱ ተበላሽቶ ነበር፤ እሱንም አስተካክየዋለሁ።»

«እንዴት ሁኖ ተበላሸ?»

«ከጧቱ በሁለት ሰዓት ስምንት ይላል! ሁለት አድርጌ መለስሁት።»

ታብሌቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ምንይችል ወደ እኛ ሰዓት ሲመልሰው ለታብሌቱ ገና ያልነጋ መሰለው፤ ስለዚህ ጠዋት የተሰጠውን ይለፍ ጊዜው ያልደረሰ ብሎ ይገፋዋል። እኔ ከሳቅ የተነሣ ወንበሬን ይዤ ቀረሁ። ጋሽ ቢተው ግን አልሳቁም። ሌሎቹም እንዲሁ እንዳደረጉ ጠየቁ፤ ብዙዎቹ አድርገውታል። ሳይቆዩ ገጹ ላይ በሐበሻ አቆጣጠር የሚሄድ ሰዓት አስገቡላቸው፤ የታብሌቱን ሰዓት የሚነካ ሰው ከዚያ በኋላ ጠፋ።

የከፋው ችግር የይለፍ ቃል ነበር። ክላውዱን ያከራየን ድርጅት፣ ሰው ይለፍ ቃሉን ሲረሳ የሚጠየቅ ጥያቄ አዘጋጅቶ ሰጥቶናል። የእናትህ ስም ማን ነው? የመጀመሪያ የቤት እንስሳህ ስም? የት ተወለድህ? እንግዲህ በኛ አገር የሰው እናት ስም የሚደበቀው ከማን ነው? ቦራ የማን በሬ እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ቀበሌው ይስቅበታል። አንዱ ኃላፊ ለሠርግ ሄዶ ሲሰነብት፣ ጎረቤቱ ጥያቄዎቹን መልሶ በስሙ ገብቶ ሥራውን ሲሠራለት ሰነበተ። ወንፈል መሆኑ ነው። የወንድሜ ማሳ ለምን ጦም ይደር ብሎ እንደሚያርስለት ያህል ነው የቆጠረው። ተጠርቶ ሲመጣ ምን እንዳጠፋ አልገባውም ነበር፤ ምስጋና ጠብቆ የመጣ ይመስለኛል።

እኔ ቱግ አልኩ። በሌላ ሰው ስም የሚገባ ሰው ዱሮም አልወድም፤ ስልክ ቤት ያደግሁ ነኝ። «ይባረር!» አልኩ። ጋሽ ቢተው ሰውየውን አስቀምጠው ሻይ አዘዙለትና ሲሄድ ወደኔ ዞሩ። «ሊሰርቅ አይደለም የገባው፤ ሊያግዝ ነው። ግን ይኸን በር ሌባም ያገኘዋል።»

ከጥያቄው ይልቅ በስልክ ኮድ ይላክ አልን። እሱም አልሆነ። የአንዱ ኃላፊ ስልክ የወጣው በልጁ ስም ነው፤ ልጁ ባሕር ዳር ነው፤ ስልኩ ደግሞ ከልጁ ጋር ነው። ኮዱ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ አባትየው ቡሬ ይቆማሉ።

በመጨረሻ ጋሽ ቢተው ያመጡት ዘዴ ከየትም መጽሐፍ የተገኘ አይደለም። የመጋዘን ኃላፊዎች ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ። እኔ ፍኖተ ሰላም፣ እሳቸው ቡሬ እንቀመጣለን። ኃላፊው ታብሌቱን ይዞ ይመጣል፤ ፊቱን አያለሁ፤ ስለ ቤቱ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ የሚያገለግል ይለፍ እሰጠዋለሁ። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ይለፍ ይሠራል፤ ቅዳሜ ሲመለስ የሠራውን ወደ ሰርቨሩ ይልካል። የድርጅቱ ባለሙያዎች ነገሩን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ነበር። የኛ ሰው ግን በአንድ ወር ውስጥ ለመደው። ሰው በሰው ስም መግባቱም ቆመ፤ ቅዳሜ ከፊቴ የሚቆመው ራሱ ነውና።

ያን የቅዳሜ ነገር አሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል። ከዩኒየኑ በር ፊት ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ አውጥተን እንቀመጣለን። ባጃጁና ጋሪው ይተራመሳል። ሰዎቹ እሸት ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ማር። ማን እንደ ወለደ፣ የማን ላም እንደ ጠፋች፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ የምሰማው እዚያ ነው። የይለፍ እድሳት ነው ስሙ፤ እኔ ግን የዘመድ ጉብኝት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ደንብ ደግሞ አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በአንድ ወቅት የነበረ ሥራ አስኪያጅ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ውጭ ላለ ሰው በሩን እንድከፍት በቃል አዘዘኝ። አልከፍትም ብዬው ከቢሮው ወጣሁ። ጋሽ ቢተው ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ቀየሩ። ቅዳሜ አንዳችን ብቻችንን ይለፍ መስጠት እንችላለን፤ ከቅዳሜ ውጭ ግን እኔና እሳቸው ሁለታችንም ካልፈቀድን በሩ ለማንም አይከፈትም። የኔ ፈቃድ በኔ ስልክ፣ የሳቸው በሳቸው ስልክ ነው የሚሰጠው። «ከእንግዲህ ሲያዝዝሽ ‘ቢተው አልፈቀደም’ በይው» አሉኝ። ያ ደንብ ብዙ ጊዜ አድኖኛል።

ጋሽ ቢተው ጡረታ ወጥተውም በኮንትራት ቀጥለው ነበር። ሰኔ መግቢያ ላይ ዓርብ ቀን፣ ቡሬ ቤታቸው ምሳ በልተው እንደ ተቀመጡ አረፉ። ታመው አያውቁም ነበር። ቅዳሜ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው የትውልድ ደብራቸው ተቀበሩ።

ያን ቀን ቀብር ያልመጣ የመጋዘን ኃላፊ የለም። ከደምበጫ መጥተዋል፣ ከየገጠሩ በእግራቸው መጥተዋል። ምንይችል መሬት ላይ ወድቆ ሲያለቅስ በሁለት ሰው ተደግፎ ተነሣ። የሺም ነበረች። የሺ ከቡሬ ወጣ ያለው ቀበሌ መጋዘን ኃላፊ ናት፤ ጋሽ ቢተው እንደ ልጃቸው የሚያዩዋት ብርቱ ሴት። ተቃቅፈን አለቀስን። እኔም እነሱም በዚያች ቅዳሜ አንድ ቦታ ነበርን፤ ታብሌቶቹ ግን በየቤቱ ቀርተዋል። ወደ ቀብር ታብሌት ይዞ የሚሄድ ማን ነው? ይለፍ የሚባል ነገር የማንኛችንም አእምሮ ውስጥ አልመጣም። ፀሐይ ስትጠልቅ የሁሉም ይለፍ አብሮ ጠለቀ።

ሰኞ ጠዋት የሺ ደወለችልኝ። ዝናብ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ መሬቱ ለበቆሎ ደርሷል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ሊወስድ ከመጋዘኗ ደጅ ተሰልፏል፤ ታብሌቷ ግን አላውቅሽም ይላታል።

«እትየ፣ ሰዎቹ በዝናብ ቁመዋል። ምን ልበላቸው?»

ከየአቅጣጫው ያው ስልክ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁና በወረቀት ይሰጥ ብዬ ለመንኩት። ከዓመታት በፊት በወረቀት የተሰጠ ማዳበሪያ ጠፍቶ ሰው ታስሯል፤ «ያለ ሲስተም አንድ ከረጢት አይወጣም» አለኝ። በዚያ ላይ እስከ ሐሙስ ያልተነሣ ማዳበሪያ ወደ ሌላ ወረዳ እንዲጫን አስቀድሞ ታዟል። እስከ ቅዳሜ መቆየት ማለት የነዚያ ገበሬዎች ማዳበሪያ ዓይናቸው እያየ መሄዱ ነው። እኔ የበኩሌን ፈቃድ ሰጠሁ። ሁለተኛው ፈቃድ የጋሽ ቢተው ነው። ለአከራዩ ድርጅት ጻፍኩ፤ ሰውየው አርፈዋል፣ የሳቸውን ሥልጣን አንሡልኝ አልኩ። መልሱ ቶሎ መጣ። የሁለተኛውን ፈቃጅ ሥልጣን ለማንሣት ሁለተኛው ፈቃጅ ራሱ ማመልከት አለበት ይላል።

ስልካቸው ለቅሶ ቤት ነው። ሰኞ ደግሞ ሠልስት ነው።

ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ቡሬ ሄድኩ፣ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ፣ ከባለቤታቸው ከእትየ ጥሩወርቅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ላይ የሥራ ነገር አይነሣም። የሚያስተክዝ ነገር ይወራል፣ ወይም ዝም ይባላል። አፌን ስከፍት አንዷ ሙሾ ታወጣለች፤ ስታበቃ ሌላ ለቀስተኛ ይገባል። ከሟች ሚስት ፊት «ስልካቸውን ስጡኝ» የሚለው ቃል ከየት ይምጣ? እንደ ተቀመጥኩ መሽቶ ተመለስኩ።

ጉዳቱን እዚህ ልናገረውና ይውጣልኝ። በዚያ አንድ ቀን ከየሺ ቀበሌ ጥቂት ገበሬዎች ዝናቡ እንዳያመልጣቸው ብለው ያለ ማዳበሪያ ዘሩ። በመስከረም በዚያ መንገድ ሳልፍ የነሱን ማሳ ከሌላው ለይቼ አየሁት። በቆሎው ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ከሚኒባሱ መስኮት ፊቴን አዞርኩ፤ ባዞርም አልጠፋልኝም። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ከሳምንት ወደ ሳምንት እየዘለልን ስንኖር፣ ቅዳሜ አንድ ቀን ለቀብር ሊሆን እንደሚችል እኔም እሳቸውም አላሰብንም። ከዚያ ወዲህ ይለፉ ከቅዳሜ በኋላ ጥቂት ቀን እንዲጨምር አድርጌያለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ዝናቡ አላቆመም። የሺ ደውላ እያለቀሰች ነበር። ገበሬዎቹ ማዳበሪያውን ደብቃ የያዘችባቸው መስሏቸው፣ አብረዋት ያደጉ ሰዎች ሰላምታ ነሥተዋታል። ያንን ስሰማ ተነሥቼ እንደገና ወደ ቡሬ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ተቀምጠዋል። እትየ ጥሩወርቅ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከባለቤታቸው ፎቶግራፍ ሥር ናቸው። ጎንበስ ብዬ ተሳለምኳቸውና ተቀመጥኩ። ወደኔ ሳይዞሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«ትናንት የመጣሽበትን ሳትናገሪ ነው የሄድሽው።»

«እትየ፣ ነውር ሁኖብኝ ነው።»

«ፊትሽ ሲናገር አይቸዋለሁ። በይ ተናገሪ።»

ነገርኳቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ የሺ፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ሁለቱ ፈቃድ። ሰምተው ሲያበቁ እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ ሰደው ስልኩን አወጡ። ከዓርብ ጀምሮ ከጉያቸው አልለዩትም ነበር። ስልኩን ሲያበሩት ቁልፍ ጠየቀ። እትየ ጥሩወርቅ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ሰደዱት፤ ተከፈተ።

«ያውቁታል እንዴ?» አልኩ ደንግጬ።

«የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አሉ። «የልጅ ልጁም ያውቀዋል።»

ያን ጊዜ ሳቅ አመለጠኝ። ጎጃምን ሙሉ ስለ ይለፍ ቃል ሲቆጡ የኖሩ ሰው! አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እትየ ጥሩወርቅም ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም። ከዚያ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

ፈቃድ የሚጠይቀው ነገር ከዓርብ ጀምሮ የተጠራቀመውን መልእክት ሁሉ አልፎ ብቅ አለ። «አቶ ቢተው ነዎት?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ቦታ አለ፤ «አዎ» እና «አይደለሁም»። ጣቴ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ስም የሚገባን ሰው ስከለክል ኖሬያለሁ። በዚህ ምክንያት ሰው ተቀይሞኛል፤ አለቃም ጠልቶኛል።

«ምነው?» አሉኝ።

«እትየ፣ እኔ እሳቸው አይደለሁም። እሳቸው ቢሆኑ ይኸን አይፈቅዱም።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማን ነበር፤ የዝናቡ ድምፅ ከላይ ይወርዳል።

«እውነትሽን ነው» አሉ እትየ ጥሩወርቅ። «መጀመሪያ አይሆንም ይል ነበር። ሲቆጣ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቶ ዝናቡን ያያል። ዝናቡን አይቶ ሲመለስ ደግሞ፣ አንች ምን ትጠብቂያለሽ ይልሽ ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ ወገን አንድ ሰው «እውነት ነው፤ እሱ እንዲያ ነው» አሉ። ሌላውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

ጥቂት ቆየ፤ ኔትወርኩ ደካማ ነው። ከዚያ በሩ ተከፈተ። የሁሉም ይለፍ ታደሰ፤ የሺ ከመጋዘኗ በላይ ካለው ኮረብታ ወጥታ ኔትወርክ ካገኘች ለገበሬው መስጠት ትችላለች። ለሷ ልደውል ስል እትየ ጥሩወርቅ ክንዴን ያዙኝ። ስልኩ ላይ ጽሑፍ መጥቷል፤ እሳቸው ያለ መነጽር አያነቡም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

በሩ ሲከፈት የሚመጣው ሰላምታ ነው። በእንግሊዝኛ የነበረውን፣ የገጠር ሰው ቤቱ የገባ እንዲመስለው ብለው ጋሽ ቢተው ራሳቸው በአማርኛ የጻፉት ነው። ላነበው አልቻልኩም። እትየ ጥሩወርቅ ክንዴን አልለቀቁኝም። እንደ ምንም ብዬ አነበብኩላቸው።

«‘እንኳን ደህና ገቡ፣ አቶ ቢተው’ ይላል።»

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እሳቸው ግን አላለቀሱም። ጆሯቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«እስኪ ድገሚልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።